የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተናና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሁለተኛ ደረጃ መምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ተማሪዎችና ወላጆች በክፍል ውስጥ፣ በወላጆች ስብሰባና በስልክ ሲያነሱልኝ የኖሩ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ አሠራር በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ስለዚህ ቀንና ነጥብ ነክ ጉዳዮችን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ማስታወቂያዎች ራሳችሁ አንብባችሁ አረጋግጡ። "እንዲህ ተባለ" በሚል ወሬ የምዝገባ ቀን ያለፈባቸውን ልጆች አውቃለሁ።

ፈተናው የትኞቹን ትምህርቶች ያካትታል?

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ አፕቲቲዩድ (የማሰብና የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይያዛል፤ ድምሩ 600 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሁለቱም ዘርፍ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና አፕቲቲዩድ አሉ። ሦስቱ ሲደመሩ 300 ይሆናሉ፤ የፈተናው ግማሽ ማለት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ተማሪ የጥናት ሰዓቱን የሚሰጠው ለፊዚክስ ወይም ለታሪክ ነው። እንግሊዝኛን "የሚጠና ነገር የለውም" ብሎ ይተወዋል፣ ሂሳብን ይፈራል፣ አፕቲቲዩድን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ በፕሮግራም አያስተምረውም። ከፈተናው ግማሹን ለዕድል ትቶ በቀሪው ግማሽ ማለፍ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስንት ማምጣት አለብኝ?

ከ2014 የፈተና ዘመን ጀምሮ በመደበኛነት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። ከ600 ከታረመ 300 ማለት ነው። ከዚያ በፊት መቁረጫ ነጥቡ የየዓመቱን የቅበላ አቅም እያየ ከፍና ዝቅ ይል ስለነበር፣ ታላቅ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ያለፉበትን ነጥብ መለኪያ አታድርጉት።

የሚታየው ድምሩ ነው። በአንድ ትምህርት 38 አምጥቶ በሌላው 65 ያመጣ ተማሪ ጉድለቱን ማካካስ ይችላል። ሂሳብ የማያካትት ፈተና የሚወስዱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መቶኛቸው የሚሰላው በተፈተኑባቸው ትምህርቶች ድምር ነው።

የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤቴ ለመግቢያ ይቆጠራል?

ለ50 በመቶው አይቆጠርም። ትራንስክሪፕቱ ግን ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ይጠየቃል፤ ወደ ውጭ ሀገር ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ዋና ሰነድ ነው። ከሁሉም በላይ ፈተናው የሚመዝነው በእነዚያ ዓመታት የተማራችሁትን ነው። እስከ 2011 ድረስ የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ስለነበር ተማሪው ድክመቱን በመሐል ያይ ነበር። አሁን ያ መፈተሻ የለም፤ 9ኛ ክፍል ላይ ያልገባው ነገር ሳይታይ እስከ 12ኛ ሊጓዝ ይችላል።

ይህን ያህል ተማሪ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

በይፋ በተገለጸው መሠረት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሺህ በላይ። የሚያልፉት ድርሻ ከ2016 ወዲህ ከፍ ማለቱ ደስ ይላል። ያም ሆኖ ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኙ ከመስመሩ በታች የሚቀሩበት ፈተና ማንንም ሊያሳስብ ይገባል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በ2008 ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። በየትምህርት ቤቱ ሲፈተኑ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ኩረጃ በግልጽ የሚካሄድባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከ2014 ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ስንሸፍነው የኖርነው ክፍተትም ተገለጠ። ክፍተቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ለአምስት የሚጋሩባቸው፣ ቤተ ሙከራቸው የተቆለፈ፣ የሂሳብ መምህር በሴሚስተሩ አጋማሽ የሚደርስላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በግጭት ምክንያት ወራት ሙሉ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆችም እኩል ይፈተናሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለወደቀ ልጅ "ሰነፍ ነህ" ማለት አልችልም፤ እናንተም አትበሉ።

ዝግጅት መቼ ልጀምር?

9ኛ ክፍል ላይ ያለ ተማሪ መጀመሪያው ዛሬ ነው፤ የዕለቱን ትምህርት በዕለቱ መረዳት ዝግጅት ነው። 12ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ደግሞ መስከረም ላይ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ወስዶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይፈተን። ውጤቱ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ግን ከየት እንደምትነሱ ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ትምህርት ያልገቧችሁን ምዕራፎች ከ9ኛ ክፍል ጀምራችሁ ጻፉ። ፈተናው የሚሸፍናቸውን ክፍሎችና ምዕራፎች በተመለከተ በየዓመቱ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ማብራሪያው ሲወጣ ዝርዝራችሁን ከእሱ ጋር አስተያዩ።

ሰኔ ላይ ሌሊት ሙሉ ማጥናት ያልተጠናውን አይተካም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚያውቀውንም ይስታል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ከየት ልጀምር?

ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ትምህርት አያበቃም። ስድስቱም ፈተናዎች የሚቀርቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ባዮሎጂን ሲፈተንም ቋንቋውን አብሮ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ የሚሰናከለው ጥያቄው ላይ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ስለ ፎቶሲንተሲስ የቀረበ ጥያቄ ሳተች። ወረቀቱን አብረን ስናየው ጥያቄው "ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የትኛው ነው" የሚል ነበር። እርሷ "ኖት" የምትለዋን ትንሽ ቃል ሳታያት አልፋ፣ ሀ ላይ ያገኘችውን ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር አጠቆረች። ትምህርቱን በቃሏ ልታስረዳኝ ትችላለች። ስለዚህ ተማሪዎቼን "ኖት" (አይደለም)፣ "ኤክሴፕት" (በስተቀር)፣ "ሊስት" (ከሁሉ ያነሰ)፣ "ኦልዌይስ" (ሁልጊዜ) የሚሉትን ቃላት ባዩ ቁጥር በእርሳስ እንዲያከብቧቸው አስለምዳቸዋለሁ። ትንሽ ልማድ ናት፤ ነጥብ ግን ታድናለች።

ቋንቋውን ለማዳበር በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አንብቡ፤ የፊዚክስም የታሪክም ይሁን። ያላወቃችሁትን ቃል በደብተር ጻፉና በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ተጠቀሙበት። ከዚያ የገጹን ሐሳብ መጽሐፉን ዘግታችሁ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የሰዋስው ሕግ ብቻ የሸመደደ ተማሪ ረጅሙ የንባብ ምንባብ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ በየቀኑ ያነበበ ግን ምንባቡን ነጥብ መሰብሰቢያ ያደርገዋል።

አፕቲቲዩድ ይጠናል እንዴ?

አዎ፣ ይጠናል። "የተፈጥሮ ስጦታ ነው" የሚለው አባባል ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ፈተናው የቃላት ዝምድናን፣ ከተሰጠ ሐሳብ መደምደሚያ ማውጣትን፣ የቁጥር ቅደም ተከተልን፣ መቶኛንና ንጽጽርን የመሳሰሉ ጉዳዮች ይዳስሳል። ሁሉም በልምምድ ይሻሻላል።

ለምሳሌ፦ የአንድ ጫማ ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ፤ በኋላ ደግሞ በ20 በመቶ ተቀነሰ። የመጨረሻው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ምን ይሆናል? አብዛኛው ተማሪ በችኮላ "ያው ነው" ይላል። ዋጋውን 100 ብር ብለን እንነሣ፦ 20 በመቶ ሲጨምር 120 ይሆናል። አሁን የሚቀነሰው ግን የ120 ሃያ በመቶ ነው፤ እርሱም 24 ነው። የቀረው 96 ብር፤ በ4 በመቶ ቀንሷል። የሚያስፈልገው የከፍተኛ ሂሳብ ዕውቀት አይደለም። "መቶኛው የማን መቶኛ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ዓይነት ጥያቄ በየቀኑ አሥር አሥር የሠራ ተማሪ ከወራት በኋላ አሳሳቹን መልስ ከሩቁ ይለየዋል።

ሂሳብ አይገባኝም። ትቼው በሌሎቹ ላካክስ?

አይሆንም። ሂሳብን መተው ማለት ከቀሩት አምስት ትምህርቶች በአማካይ 60 ለማምጣት መገደድ ማለት ነው፤ ያን የሚችል ተማሪ ሂሳብም አያቅተውም። ደግሞም አፕቲቲዩድ ውስጥ ሂሳብ አለ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪም ውስጥ አለ፣ ኢኮኖሚክስም ያለ ግራፍ አይሄድም።

ሂሳብ ከየት ጀምሮ እንደጠፋችሁ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም፤ ክፍልፋይ፣ ቀመር ማስተካከልና የፋንክሽን መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ነው። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ማውጣት አያሳፍርም። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ምሳሌዎች መልሳቸውን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩ፤ ከዚያ መልመጃዎቹን። ሲሠራ ማየትና መሥራት ይለያያሉ፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው የገባው የመሰለው ተማሪ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያውን መስመር ያጣዋል።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን መሥራት ይበቃል?

በጣም ይጠቅማል፤ ብቻውን አይበቃም። መልሱን የሚሸመድዱ አሉ፤ "የ2010 ጥያቄ 34 መልሱ ሐ ነው" የሚለኝ ልጅ አጋጥሞኛል። ለምን ሐ እንደሆነ ስጠይቀው ዝም አለ። አንድ ፈተና ከሠራችሁ በኋላ በሳታችኋቸው ላይ ከፈተናው የሚበልጥ ጊዜ አሳልፉ። የሳታችሁት ባለማወቅ ነው? በችኮላ ነው? ቋንቋው አሳስቷችሁ ነው? ሦስቱ ሦስት ዓይነት መፍትሔ ይፈልጋሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ አንዳንድ የቆዩ ጥያቄዎች አሁን ከማትማሩት ምዕራፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከመጽሐፋችሁ ጋር እያመሳከራችሁ ሂዱ።

አስጠኚ መቅጠር ወይም ማጠናከሪያ ትምህርት መግባት ግድ ነው?

ግድ አይደለም። አቅም ላለው ቤተሰብ ጥሩ አስጠኚ ያግዛል። አቅም ለሌለው ደግሞ ሦስት አራት ጎበዝ ጓደኞች በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብስበው አንዱ ለሌላው ቢያስረዱ፣ ከብዙ አስጠኚ የሚሻል ውጤት ሲያመጡ አይቻለሁ። የሚያስረዳው ልጅ ከሚሰማው ይበልጥ ይማራል።

በቴሌግራም "የዘንድሮ ፈተና አለን" እያሉ ብር የሚጠይቁትን ግን ፈጽማችሁ ራቁ። ሌቦች ናቸው። የእናቱን ጉሊት ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነቱ የሰጠ ልጅ ብሩንም፣ የጥናት ጊዜውንም፣ ልቡንም ያጣል።

ተፈጥሮ ሳይንስ ልምረጥ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?

የምትወዱትንና የምትችሉትን። "ተፈጥሮ የጎበዞች ነው" የሚለው አስተሳሰብ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ላይ ሊያበሩ የሚችሉ ልጆችን ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሲያባክን ኖሯል። ወላጆች፣ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት፤ ፈተናው ክፍል የሚገባው እርሱ ነው። ሕክምና ወይም ምሕንድስና የሚፈልግ ልጅ ግን ተፈጥሮ ሳይንስ ካልመረጠ በሩ እንደሚዘጋበት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ፈተናው በወረቀት ነው በኮምፒውተር?

ከ2016 ጀምሮ በሁለቱም ይሰጣል፤ በኮምፒውተር የሚፈተኑት ቁጥርም እየጨመረ ነው። የትኛው እንደሚደርሳችሁ ትምህርት ቤታችሁ ያሳውቃችኋል። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ከፈተናው በፊት የመለማመጃ ፈተናውን መውሰድ፣ በማውስ መልስ መምረጥን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀየርንና የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አጠባበቅን መልመድ አለባችሁ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ካለ ትምህርት ቤቱ በጊዜ እንዲያለማምደው ወላጅ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። በሁለቱም ዓይነት የሂሳብ ስሌት የሚሠራው በወረቀት ስለሆነ የእጅ ልምምዱ አይቀርም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስፈተን ምን ልያዝ?

የመግቢያ ካርዳችሁንና የትምህርት ቤት መታወቂያችሁን ከሁሉ በፊት ያዙ። ካርዱ ላይ ያለው ስም፣ ፆታና የትምህርት ዘርፍ ትክክል መሆኑን ገና ሲሰጣችሁ አጣሩ። እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ የንጽሕና ዕቃና የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው አትርሱ። ሞባይል፣ ስማርት ሰዓትና ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክልክል ነው፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጌጣጌጥም ቤት ይቅር። የተቀረውን ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ዝርዝር ተከተሉ።

ለብዙዎቻችሁ ከቤት ርቃችሁ የምታድሩበት የመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። በማታው የሚሰማውን ወሬና ፍርሃት ተቋቁማችሁ ተኙ። ሐምሌ ወይም ሰኔ መጨረሻ ክረምት ነው፤ የሚሞቅ ልብስ ያዙ።

ፈተናው ላይ ሰዓት እንዳያልቅብኝ ምን ላድርግ?

ደቂቃውን ለጥያቄው ብዛት አካፍሉት። 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ አላችሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መልሱ ካልመጣ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ ነጥቡ እኩል ነው። በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ሰብስቡ፣ በሁለተኛው ከባዶቹን ታገሉ። በተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር፤ ሁለት አማራጭ እንኳ ማስወገድ ከቻላችሁ ግምቱ ትርጉም አለው።

በወረቀት ሲሆን መልስ መስጫው ላይ ስማችሁን፣ መለያ ቁጥራችሁንና የጥያቄውን ጥራዝ ኮድ በትክክል አጥቁሩ። ጥያቄ ስታልፉ መልስ መስጫው ላይም መስመሩን መዝለላችሁን አረጋግጡ። አንድ መስመር የሳተ ተማሪ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ይስታል። "መጨረሻ ላይ አጠቁራለሁ" ብሎ ጥራዙ ላይ ብቻ ሲሠራ የቆየ ልጅ ደወሉ ሲደወል እንባው ሲወርድ አይቻለሁ።

ውጤቴ ከጠበቅሁት በጣም አነሰ። ቅሬታ ማቅረብ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ውጤት ሲወጣ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜና መንገድ አብሮ ይገለጻል፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ አትዘግዩ። የተጠራጠራችሁበትን ትምህርት ለይታችሁ፣ የመግቢያ ካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አቅርቡ።

50 በመቶ ካላመጣሁስ?

የመጀመሪያው ዕድል የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተመርጠው በዩኒቨርሲቲዎች ለወራት ይማራሉ፤ የተፈጥሮ ሳይንሶቹ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊዎቹ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ። መጨረሻ ላይ ተፈትነው ያለፉት የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ይጀምራሉ። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ የሚወሰን ሲሆን በዘርፍ፣ በፆታ፣ በአካባቢና በአካል ጉዳት ሊለያይ ይችላል። በመንግሥት ያልተመደበ ተማሪ መስፈርቱን ካሟላ በግል ተቋም በክፍያ የሚማርበት አጋጣሚም አለ፤ ነገር ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣሩ። በግል ኮሌጅ ዲግሪ ለመማርም ያው የመግቢያ መስፈርት እንደሚያስፈልግ አትርሱ፤ "ነጥብ አያስፈልግም" ብሎ የሚመዘግባችሁ ካለ ከዓመታት በኋላ ዲግሪው ዋጋ ያጣል።

ሬሜዲያል የገባችሁ እባካችሁ "አልፌያለሁ" ብላችሁ አትዘናጉ። ግቢ መግባት ማለፍ አይደለም፤ ከዚያ የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ዕድል በግል ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ መፈተን ነው። ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው፤ በደረጃ እየተማሩ፣ የብቃት ምዘና እየወሰዱ ሙያ ይዞ መውጣት። ኤሌክትሪክ፣ አውቶ መካኒክ፣ ምግብ ዝግጅት፣ የኮምፒውተር ጥገና ተምረው ራሳቸውንም ቤተሰባቸውንም የሚያኖሩ ተማሪዎች አሉኝ። ይህን መንገድ ልጅ እንደ ቅጣት የሚያየው እኛ አዋቂዎች እንደዚያ ስለምንናገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምመርጠው እንዴት ነው?

መቁረጫ ነጥቡን ያሟላችሁ በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ የዩኒቨርሲቲ ምርጫችሁን በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ፤ ምደባው ነጥባችሁን፣ ምርጫችሁንና የዩኒቨርሲቲዎቹን አቅም አይቶ ይሠራል። ምርጫውን ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ትታችሁ አትሂዱ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አስሞሉት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ። የጤና ችግር ያለባችሁና የምታጠቡ እናቶች በሐኪም ቦርድ ወይም በተገቢው ማስረጃ ልዩ ምደባ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ማስረጃውን ምደባ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ።

ከዚህ ወጣ ያሉ አሉ። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይቀበላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የእነዚህ ምዝገባ የራሱ ቀን አለው፤ ጠቅላላ ምደባውን ስትጠብቁ እንዳያመልጣችሁ።

ነጥቤ ከፍተኛ ነው። ሕክምና በቀጥታ እገባለሁ?

በቀጥታ አይደለም። መጀመሪያ ሁሉም የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ክፍል ምደባ የሚሠራው በዩኒቨርሲቲው ውጤትና በምርጫ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ 500 ያመጣ ልጅ መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ተዘናግቶ የሚፈልገውን ክፍል ያጣበት ጊዜ አለ። ጽኑ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

አፕቲቲዩድና የአሜሪካው ኤስኤቲ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኤስኤቲ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፤ የሚያዘጋጀውም ኮሌጅ ቦርድ የተባለ ድርጅት ነው፤ ንባብና ጽሑፍ ከ800፣ ሂሳብ ከ800፣ ድምር 1600። አሁን በኮምፒውተር የሚሰጥ ሆኖ ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ መውሰድም ይቻላል። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ "ኤስኤቲ ተፈተን" ሲሏችሁ ይህንን ማለታቸው ነው። ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አይተካም፤ የእኛም አፕቲቲዩድ ለአሜሪካ አይተካም። ወደዚያ ማመልከት የምትፈልጉ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤቲን ግዴታ እንደሚያደርግ፣ አንዳንዱ እንደ ፍላጎት እንደሚተው እያያችሁ ወስኑ። ከዚህ በተጨማሪ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ የአራት ዓመት ትራንስክሪፕትና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። መምህራችሁን ደብዳቤ ስትጠይቁ ቢያንስ አንድ ወር ስጡት።

ወላጅ ምን ሊያግዝ ይችላል?

ሂሳብ ማስረዳት ባትችሉም ብዙ ትችላላችሁ። ልጃችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ያለ ሥራና ያለ ጩኸት የሚቀመጥበት ቦታ ስጡት። ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳቱንና ወጥ መሥራቱን ወንድሞቿ ይካፈሉ፤ "እርሷ ሴት ናት" በሚል ምክንያት ብቻ ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ቡና የምታፈላበት ቤት ዛሬም አለ፣ ያሳዝነኛልም። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ። በፈተናው ሳምንት የቤት ጭንቀት አታውሩለት። ውጤት የሚወጣበት ዕለት ደግሞ ልጁን ብቻውን አትተዉት፤ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት አጠገቡ ሁኑ፣ የመጣው ነጥብ ምንም ይሁን ምን ልጃችሁ መሆኑን በአፋችሁ ንገሩት።

ምደባ ወጣልኝ። ለምዝገባ ምን ይዤ ልሂድ?

የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን። የቅርብ ጊዜ ጉርድ ፎቶግራፍ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከምረቃ በኋላ የሚከፍለው የወጪ መጋራት ውል አለ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው የጥሪ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቀን አክብሩ፤ ከቀኑ ቀድሞ መሄድም ማደሪያ ያሳጣል፣ ዘግይቶ መሄድ ደግሞ ቦታ ያሳጣል።